ለቮልስዎ ሌላ ወንበር ከመግጠምዎ በፊት

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምኖር መምህር ነኝ። የ1968 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ 1300 አለኝ፤ በወር ሁለት ጊዜ ባሕር ዳር እመላለስበታለሁ። ቁመቴ 1.84 ሜትር ነው። ፍኖተ ሰላም ሳልደርስ የቀኝ ጭኔ ይደነዝዛል፤ ቡሬ ላይ ወገቤ ይያዛል፤ ባሕር ዳር ስገባ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ራሴንም ያመኛል። እንጅባራ ላይ ደግሞ ብርዱና የመስታወቱ ጉም አለ። አንዱ የቪትዝ ወንበር ግጠምበት ይለኛል፣ ሌላው ሽጠህ ተገላገል ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መምህር፣ ወገብና ጭኑ ይቆዩልን፤ መጀመሪያ የራስ ምታቱን እንይ። ከረጅም መንገድ በኋላ የሚመጣ፣ ከመኪናው ወርደው ንጹሕ አየር ሲያገኙ የሚለቅ ራስ ምታት ከሆነ ድካም ነው ብለው አይለፉት። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የውስጥ ማሞቂያውም የሚሠራው የሞተሩ ቬንትሌተር አየሩን በጭስ ማውጫው ዙሪያ ባለ የላሜራ ሳጥን ውስጥ ገፍቶ፣ በበሮቹ ሥር ባለው ቦይ ወደ ፊት እየላከ ነው። ያ ሳጥን ከተበሳ ወይም የጭስ ማውጫው ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከተቃጠለ፣ እርስዎ ጋ የሚደርሰው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም አብሮ ይመጣል። እሱ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም፤ "ጭስ አይሸተኝም" ማለት ዋስትና አይሆንም።

ምርመራው ቀላል ነው። የኋላውን ክዳን ይክፈቱና ሞተሩን ከላይ ወደ ታች ይመልከቱት። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላሜራ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያውን ጎማ ሊኖረው ይገባል። በዚያ ክፍተት መሬት ከታየዎት ጎማው የለም ማለት ነው። ከታች ያለው ትኩስና የቆሸሸ አየር ወደ ላይ ይሳባል፣ ቬንትሌተሩ ያንኑ ይውጠዋል፣ ሞተሩም ይግላል፣ ማሞቂያውም ያንኑ ወደ ውስጥ ይልካል። በአራቱም የካንዴላ ሽቦዎች ላይ ላሜራውን የሚደፍን ክብ ጎማ መኖሩን አብረው ይዩ። እነዚህ ጎማዎች ብዙ ዋጋ የላቸውም፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ የቮልስ ዕቃ የሚሸጡት ዘንድ ይጠይቁ። ሞተር በወረደ ቁጥር "ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል" ተብሎ የሚጣለው እሱ ስለሆነ፣ ቀጣዩ ሜካኒክ እንዳይጥለው አስቀድመው ይንገሩት።

ቀጥሎ የጭስ ማውጫው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አንድ ሰው ያስነሣልዎት፤ እርስዎ ወፍራም ጓንት አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ሁለቱን የማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ጫፎች ለሦስት፣ ለአራት ሴኮንድ ያፍኗቸው። የሚያፈስ ቦታ ካለ "ፍስስ" ሲል ይሰማል። ከቫልቭ ክዳኑ ወይም ከፑሽሮድ (ቫልቭ ገፊ ዘንግ) ቱቦዎቹ የሚንጠባጠብ ዘይት ሳጥኑ ላይ እየተቃጠለ የሚሰጠው ሽታ ግን ሌላ ነው። እሱ ያስጠላል እንጂ እንደ ጭሱ አይገድልም፤ ዘይቱን ማቆም ነው። ይህ ሁሉ እስኪስተካከል ድረስ ከእጅ ፍሬኑ ቀኝ ያለውን የማሞቂያ ማንሻ ዝግ አድርገው፣ የፊቷን የሦስት ማዕዘን መስኮት ገርበብ አድርገው ይንዱ። ለቤት የሚሸጠውን በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከወንበሩ አጠገብ ማኖር ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል።

ካርቡራተሩንም እግረ መንገድዎን ያሳዩት። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ በተመረጠ ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ዕቃ) የሚሠራ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱም መርዙም ይጨምራል። አንድ ቁጥር አነስ ያለ ዋና ጂግለር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ ግን ካንዴላውን አውጥቶ ቀለሙን ማየት ነው። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ገና ይበዛል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ቀንሷልና መልሰው ትልቁን ያስገቡ፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቤንዚን ሲያጥረው ቶሎ ይግላል።

አሁን ወደ ወንበሩ። የጭንዎ መደንዘዝ የቁመትዎ ጥፋት አይደለም። የቮልስ ወንበር የብረት ቱቦ ፍሬም ነው፤ በላዩ የሽቦ ሞላ፣ በሞላው ላይ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ በጎማ የተጣበቀ የፈረስ ፀጉር ምንጣፍ፣ ከዚያ ልባሱ። ፀጉሩ በሃምሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ዱቄት ይሆናል፤ ወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ ቡናማ ብናኝ ካዩ እሱ ነው። መሐሉ ይሰምጣል፣ የፊት ጠርዙ ቱቦ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ዳሌዎ ከጉልበትዎ በታች ይወርዳል፣ የሰውነትዎ ክብደት በጭንዎ ሥር ባለው ቱቦ ላይ ያርፋል፤ ያ ቱቦ ነርቩንና የደም ሥሩን ይጫናል። የቀኙ የሚብሰው የግራው በፍሪሲዮን ምክንያት ስለሚነሣና ስለሚያርፍ ነው፤ ቀኙ ቤንዚን ላይ ሳይነቃነቅ ለሰዓታት ይቆያል። ወገቡም የዚሁ ተከታይ ነው፤ ዳሌ ሲሰምጥ የታችኛው አከርካሪ ወደ ኋላ ይጎብጣል።

ለማረጋገጥ ወንበሩ ላይ ይቀመጡና መዳፍዎን ከጉልበትዎ በስተኋላ ከጭንዎ ሥር ያስገቡ። መዳፍዎ በጭንቅ ከገባ፣ ከመቀመጫዎ አጥንት ሥር ግን ሽቦው ከተሰማዎት ጉዳዩ አልቋል፤ ወንበሩ ይከፈት።

ወንበሩን ለማውጣት ማንሻውን ይዘው ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ይግፉት፤ ሐዲዱ ላይ የሚያስቆም ምላስ አለ፣ እሱን በካቻቢቴ ዝቅ አድርገው አሳልፈው ያንሡ። ይህን ምላስ ሲመልሱ አይርሱት። ምላሱ ከሌለ ወይም የማንሻው ሞላ ከደከመ፣ ወንበሩ ዳገት ላይ ድንገት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጡ መሪ ጨብጠው ወደ ኋላ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ልነግርዎት አያስፈልግም።

ልባሱ ሲገፈፍ ፍሬሙን በሽቦ ብሩሽ ያስጠርጉት፤ ስንጥቅ ካለ ይበየድ፣ ቀለም ይቀባ። የተሰበረው ሞላ በዚያው ውፍረት ሽቦ ይተካ፤ ሞላዎቹም እርስ በርስ በጠንካራ ናይለን ገመድ ይታሰሩ፣ ጎን ለጎን እንዳይሸሹ። በላዩ ድርብ የቃጫ ጆንያ ተወጥሮ ይሰፋ። ማዳበሪያ እንዳይሆን አደራ፤ የወንበር ሰፊዎች ቅርብ ስለሆነ ያንን ያነሣሉ። ማዳበሪያ በሽቦው ላይ ሲታሽ ይንኳኳል፣ ላብ አያሳልፍም፣ በዓመቱም ይተረተራል።

ስፖንጁ ላይ ገንዘብዎን አይሰስቱ። ለፍራሽ የሚሸጠው ለስላሳው ስፖንጅ ለሦስት ወር ደስ ይላል፤ በአራተኛው ወር ጭምቅ ብሎ ይቀራል። የሚያስፈልግዎ በሜትር ኩብ 35 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የሚመዝን ነው። ሻጩ "ጠንካራ ነው" ቢልዎት ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ቁራጭ 1.75 ኪሎ አካባቢ መመዘን አለበት። አንድ ኪሎ ከሆነ የፍራሽ ነው። ከታች 3 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ፣ ከላይ 2 ሳንቲ ሜትር ለስለስ ያለ ያድርጉ። ከዚህ በላይ ግን አይጨምሩ፤ ረጅም ሰው ነዎት፣ ወንበሩ በወፈረ ቁጥር ጭንዎ ወደ መሪው ይጠጋል። የፊት ጠርዙ ላይ ስፖንጁ ድርብ ሆኖ ወደ ታች እንዲያዘነብል ተላጭቶ ይለበጥ፤ ጭንዎ ቱቦውን ፈጽሞ እንዳያገኘው። መደገፊያው ላይ በተቃራኒው ቀጭን ይሁን፤ እያንዳንዱ የተቀነሰ ሳንቲ ሜትር ለጉልበትዎ ቦታ ነው።

የወገቡን ድጋፍ በግምት አያሠሩ። ጋቢዎን አጥፈው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጥቅል ያድርጉትና ከቀበቶዎ ትንሽ ከፍ ብሎ ከጀርባዎ ያኑሩት፤ እስከ ደምበጫ ነድተው ይመለሱ። ዝቅ፣ ከፍ፣ ሳሳ፣ ወፈር እያደረጉ የሚስማማዎትን ሲያገኙ መደገፊያው ላይ በጠመኔ ያስምሩበት። ለሰፊው የሚሰጡት ያንን ምልክት ነው። ልባሱን ላስቲክ ነክ ከሚሆን በላዩ የሚወልቅ የአቡጀዲ ሽፋን ያሰፉለት፤ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ጀርባዎ አይጣበቅም፣ ሲቆሽሽም ይታጠባል።

የቪትዙን ወንበር የመከሩዎት ሰው ክፉ አላሰቡም፤ ለብቻው ሲቀመጡበት እውነትም ይመቻል። ግን ሐዲዱ ከቮልስ ወለል ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ አንግል ብረት ይበየዳል። የቮልስ ወለል ስስ ላሜራ ነው፣ የብዙዎቹም ከባትሪው ጀምሮ ዝገት በልቶታል። ግጭት ቢመጣ ወንበሩ ከነብየዳው ይነቀላል። ደግሞ የመቀመጫው ክፍል ወፍራም ነው፤ ከነአንግሉ ከፍ ሲያደርግዎት ዓይንዎ ከመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ጋር ይስተካከላል፣ ጉልበትዎ መሪውን ይመታል። ለ1.84 ሜትር ሰው ኪሳራ ነው። ለአጭር ሰው ብጠየቅ ምናልባት ሌላ መልስ እሰጥ ነበር።

አቀማመጥዎን እንዲህ ይለኩት፦ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ ታጥፎ ይቅር፤ ትከሻዎ ከመደገፊያው ሳይላቀቅ የእጅ አንጓዎ የመሪው አናት ላይ ይድረስ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልመጡልዎ እግርዎን ያስቀድሙና የመደገፊያውን ማዘንበያ ያቅኑ። ብዙ ሰው ሹፌር ለመምሰል ተንጋሎ ይነዳል፤ አንገቱ ግን ለብቻው ወደ ፊት ሲጎተት ይውላል።

ቮልስ ላይ የማይለወጥ አንድ ጉድለት አለ፦ የፊት ጎማው ቤት ወደ ውስጥ ስለሚገባ ፔዳሎቹ ከወንበሩ መሐል ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ ወገብዎ በትንሹ ይጠመዘዛል። ማስታገሻው የግራ እግር ማረፊያ ነው። ከፍሪሲዮኑ በስተግራ፣ ጎማው ቤት ላይ፣ ወደ 10 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በላዩ ጎማ ለብጠው ያስገጥሙ። ግራ እግር ሲያርፍ ዳሌ ይቀናል። የቤንዚን ፔዳሉ ከከበደ ደግሞ ገመዱን ይዩ፤ ከፔዳሉ ተነሥቶ በመሐለኛው ዋሻ አልፎ ኋላ ካርቡራተሩ ድረስ የሚሄድ ነው። ከካርቡራተሩ በኩል ፈትተው ወደ ፊት ይሳቡት፤ ከጸዳ በኋላ ግሪስ ተቀብቶ ይመለስ። የተፈተለው ጫፍ የተበጣጠሰ ከሆነ አዲስ ያስገቡ፤ መንገድ ላይ የሚበጠሰው እሱ ነው። ፍሪሲዮኑ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ እንቅስቃሴ ይኑር። ከፍሪሲዮን ገመዱ ኋላ ያለው ጎማ ለበስ ቱቦም ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጎባጣ ሊኖረው ይገባል፤ ቀጥ ካለ መኪናው ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፣ ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ደግሞ ወገብዎ ነው የሚቆጥረው።

አሁን በነጻ ወደሚገኘው ምቾት እንምጣ፦ ንፋስ። ጎሚስታ ቤት ሄደው ዝም ካሉ አራቱንም 35 ይሞላልዎታል። ይህ ለቮልስ አይሆንም። የፊቱ ቀላል ነው፤ ክብደቱ ከኋላ ነው። ለራዲያል ጎማ አምራቹ የሚለው የፊት 18፣ የኋላ 27 ፒኤስአይ ነው፤ ለድሮው 5.60-15 ጎማ የፊት 16፣ የኋላ 24። ጎሚስታው "ይሄማ ወርዷል" ብሎ ይከራከርዎታል፤ የራስዎን መለኪያ ይያዙና ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለኩ። በጉድጓድ መንገድ ላይ ቸርኬው እንዳይመታ ከፈሩ የፊቱን እስከ 20 ማድረስ ይቻላል። የፊትና የኋላው ልዩነት ግን ይጠበቅ፤ መኪናው ኩርባ ላይ ጭራውን እንዳይጥል የሚያደርገው እሱ ነው። ሌላው፣ 15 ቁጥር ጎማ ሲጠፋ ከመጠኑ ኋላ "ሲ" ፊደል ያለበት የጭነት መኪና ጎማ ይሸጥልዎታል። ግድግዳው ድርብርብ ስለሆነ ንፋስ ቢቀንሱለትም እንጨት ነው። የጎማውንም ዕድሜ ከጎኑ ካለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ያንብቡ፤ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ዓመቱ ናቸው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ደርቋል።

ከዚያ የፊት እግሩን ግሪስ ያስመቱ። ቮልስ ፊቱ ላይ እንደ ሌላው መኪና የተጠቀለለ ሞላ የለውም፤ በሁለት ተደራራቢ ቱቦዎች ውስጥ የተቀመጠ የሚጠመዘዝ ጥቅል ብረት ነው።  ቱቦዎቹ ላይ አራት የግሪስ አፎች አሉ። ግሪስ ሲደርቅ ክንዶቹ ይጣበቃሉ፣ ሰውም "አሞርዛተሩ ሞቷል" ብሎ ያስለውጣል፤ ለውጦም ይደርቅበታል። ክሪክ ላይ አውጥተው፣ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው እያለ፣ አሮጌው ግሪስ በጠርዙ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ይመታ። ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ከተመታ ግሪሱ የሚጫነው ጎን አይገባም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይደገም። ከዚያ በኋላም መኪናውን ጥግ ላይ ተጭነው ሲለቁት ከአንድ ጊዜ በላይ ከተንሣፈፈ፣ ያኔ አሞርዛተር ይግዙ፤ በዘይት የሚሠራውን እንጂ ጠጣሩን ባለ ጋዝ አይምረጡ፤ መኪናዎ ቀላል ነው። መሪው በ70 እና በ80 መካከል ከተርገበገበ የጎማ ባላንስና የመሪ ዳምፐሩን (የመሪውን መርገብገብ የሚያፍነውን) ያስፈትሹ።

ስለ ጆሮዎ። መጀመሪያ የቮልስ ማርሚታ ነው ወይስ ከሌላ መኪና የተገጠመ፣ ያንን ይለዩ፤ ባዶ ማርሚታ ላይ ምንጣፍ ቢደራርቡ ለውጥ አያመጣም። ቀጥሎ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ፣ በዕቃ ማስቀመጫውና በሞተሩ መካከል ያለው ላሜራ ነው። በፊት ጥቁር የሬንጅ ካርቶን ነበረው፤ አሁን ምናልባት የለም። በአልሙኒየም የተለበጠ የቡታይል ጎማ ምንጣፍ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ይጠቀሙ። ላሜራውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም፤ መሐል መሐሉን፣ ሲያንኳኩት "ድም" የሚለውን ቦታ፣ ከስፋቱ ሲሶ ያህል ሲሸፍኑት መርገብገቡ ይቆማል። ለጣራ የሚሸጥ ሬንጅ ግን አይለጥፉ፤ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ይቀልጣል፣ ሽታውም አይወጣም።

በላዩ ድምፅ የሚውጥ ነገር ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ከባና የተሻለ ነገር መፈለግ ድካም ነው። ወፍራም የበግ ሱፍ ነው፣ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ድምፅም ይውጣል። ወለሉ ላይ ግን ውኃ የሚገባ ከሆነ መጀመሪያ የበር ጎማዎቹን ይጠግኑ፤ እርጥብ ባና ወለሉን ከሥር ያዘገዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከኋላ ወንበሩ ሥር በስተቀኝ ባትሪ አለ። የወንበሩ ሞላ ሲሰምጥ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፤ ብልጭታው ደረቁን የፈረስ ፀጉር ያቀጣጥላል። ቮልሶች በዚህ ተቃጥለዋል። ባትሪው ላይ የላስቲክ ክዳን ያድርጉበት፤ ባናም፣ ስፖንጅም፣ ጋዜጣም በዙሪያው አይኑር፤ ወፍራም ሰው ኋላ ሲጭኑ በግራ በኩል ያስቀምጡ።

ለእንጅባራው ብርድና ጉም መልሱ ያው የመጀመሪያው ነው፤ ሳጥኖቹና ቦዮቹ ከተጠገኑ ማሞቂያው ይሠራል። የቀኙ ማንሻ ሙቀቱን ይከፍታል፤ የግራው ወደ ኋላ ተሳፋሪዎች እግር የሚሄደውን ነው፣ እሱን ሲዘጉት ሁሉም ወደ ፊትና ወደ መስታወቱ ይሄዳል። ሳጥኖቹ ተነሥተው ባዶ ቱቦ ተገጥሞ ከሆነ፣ በቬንትሌተሩ ቤት ላይ ያሉት ሁለት የማሞቂያ አፎች ተደፍነው መሆኑን ይዩ፤ ካልተደፈኑ የማቀዝቀዣው አየር በከንቱ ይፈሳል። የ1968 ሞዴል ከመስታወቱ ፊት ንጹሕ አየር የሚያስገባ መንገድ አለው፤ ቅጠል ሞልቶት ይሆናልና ያስጠርጉት። ነጂው ብቻ ሲሆን የሚጎመው ከትንፋሽ ነው፤ ትንሿን መስኮት አንድ ጣት ያህል ከፍተው ብርዱን በጋቢ መቻል ነው።

ገንዘቡ ባንድ ጊዜ ካልሞላልዎ፦ የዚህ ሳምንት ንፋስና ግሪስ፣ የዚህ ወር የሞተሩ ዙሪያ ጎማዎችና ጭሱ፣ ከዚያ ወንበሩ፤ ድምፁ የመጨረሻ። አዲሱ ስፖንጅ በመጀመሪያው ወር ትንሽ ይሰምጣል። ሰፊው የቆረጠውን ትርፍራፊ እንዳይጥል ይንገሩት፤ ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ የወገቡ ድጋፍ ከጠመኔው ምልክት ዝቅ ብሎ ካገኙት፣ በዚያ ትርፍራፊ አንድ ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል።